ፉከራና ሙሾ፤ የጦርነት፣ የእንቢታና የሐዘን ቃል ግጥም ከትምህርት አንጻር

መግቢያ

አንድ ሕዝብ በጦርነት ዘመን የሚናገረው ቃል ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ዘማቹን ወደ ጦር ሜዳ የሚሸኘው፣ ልብ የሚያደነድነውና ጠላትን የሚያስፈራራው ቃል ነው። ሁለተኛው የወደቀውን የሚያለቅሰው፣ የቀረውን የሚያጽናናውና የሆነውን ነገር የሚመረምረው ቃል ነው። በአማርኛ ሥነ ቃል የመጀመሪያው ወገን በፉከራ፣ በቀረርቶና በሽለላ፣ ሁለተኛው በሙሾና በእንጉርጉሮ ይወከላል። ሁለቱም በአንድ ቋንቋና በአንድ የግጥም ሥርዐት፣ ብዙ ጊዜም ስለ አንድ ሰው ሕይወትና ሞት የተነገሩ ናቸው። ይሁን እንጂ በአደባባይ በዓላት ላይ ጎልቶ የሚሰማው ፉከራው ሲሆን፣ ሙሾው የየቤቱ ሐዘን ብቻ እንደሆነ ተቆጥሮ ወደ ጎን ሲተው ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ወገኖች ተለያይተው ሊጠኑ የማይገባቸው መሆኑን ማስረዳት ነው። ፉከራ ጀግናው በሕዝብ ፊት ቃል የሚገባበት ሲሆን፣ ሙሾ ያ ቃል የሚመዘንበት ነው። የሚመዘነውም የሟቹ ቃል ብቻ አይደለም፤ የላከው ጌታ፣ አብሮት የዘመተው ጓድ፣ ትቶት የተመለሰው ወገን ሁሉ በአልቃሽዋ አንደበት ፊት ይቆማል። ስለዚህ ሙሾ ከሐዘን መግለጫነቱ ሌላ የፖለቲካ ቃል ነው። ይህንን ባሕርዩን ያልተረዳ ተማሪ ስለ ጦርነት የሚያውቀው የታሪኩን ግማሽ ይሆናል።

የቃል ግጥሞቹ ዓይነትና ተግባር

ፉከራ ተዋጊው ስለ ራሱ፣ በራሱ አፍ የሚናገረው ግጥም ነው። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ይነሣል፤ የአባቱን ዘር፣ የጌታውንም የፈረስ ስም ይጠራል፤ ቀድሞ የፈጸመውን ጀብዱ ይቆጥራል፤ ወደፊትም የሚፈጽመውን ይናገራል። የፈረስ ስም በዚህ ግጥም ውስጥ የሚይዘው ስፍራ ከፍ ያለ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ተብለው የሚታወሱት በታሪክ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ያለው ግጥም አማካይነት ነው። ፉከራ በጌታ ፊት፣ በእኩዮችም መካከል ስለሚነገር ምስክር ያለው ቃል ኪዳን ነው ማለት ይቻላል። የፎከረውን ያልፈጸመ ሰው የሚያፍረው ቃሉን የሰማ ሰው ስላለ ነው።

ቀረርቶ ድምፅ ከፍ ተደርጎ፣ በረጅም ዜማ እየተሳበ የሚዜም ነው። ሽለላ በበኩሉ ጋሻና ጦር ወይም ጠመንጃ ተይዞ፣ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደዱ፣ ከተመልካቹም ድጋፍ እየተቀበሉ የሚቀርብ ነው። የሦስቱ ድንበር ከአገር አገር የሚለያይ በመሆኑ በአንዱ ስፍራ ሽለላ የሚባለው በሌላው ቀረርቶ ሊባል ይችላል።

ሙሾ በለቅሶ ቦታ የሚነገር ነው። አውራጇ አንድ ግጥም ታወርዳለች፤ ለቀስተኛው እየተቀበለ ያለቅሳል። ሟቹ ጦረኛ ወይም ባላባት በሆነ ጊዜ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ፣ ልብሱም ወጥቶ በለቅሶው መካከል እንዲታይ ማድረግ የቆየ ልማድ ነበር። ሬሳው በሩቅ አገር ቀርቶ እንደሆነ ለቅሶው የሚቆመው በእነዚህ ዕቃዎች ዙሪያ ነው። አልቃሽዋም ሟቹን በቀጥታ እያናገረች ትጠይቃለች፤ ስለምን እንደሄደ፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ማን ሊያነሣው ይገባ እንደነበር ትጠይቃለች። ሟቹ የማይመልስ በመሆኑ ጥያቄው የሚወድቀው በዙሪያው በቆሙት ሕያዋን ላይ ነው። የሙሾ ኃይል ከዚህ ላይ ይመነጫል።

እንጉርጉሮ ደግሞ ብቸኛ ሰው በዝግታ፣ ለራሱ የሚያዜመው ነው። ሴቲቱ ስትፈጭ ወይም ስትፈትል፣ መንገደኛው በጉዞ ላይ ሳለ ያንጎራጉራል። አድማጭ ስለሌለው ደፍሮ የሚናገር፣ በግልጽ ማልቀስ በተከለከለበትም ዘመን መሸሸጊያ የሚሆን ዓይነት ነው።

የእነዚህ ግጥሞች አገነባብ ቀላል ቢመስልም ጥብቅ ሥርዐት አለው። የወል ቤት በሚባለው ስልት አንዱ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ካላቸው ሁለት ሐረጎች ይሠራል፤ በሰንጎ መገን ሐረጉ አምስት ቀለም ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ስንኞች ቤት እየመቱ አንድ ሙሉ ሐሳብ ይፈጽማሉ። ይህ አጭርነት ግጥሙ አንድ ጊዜ ተሰምቶ እንዲያዝ፣ ከገበያ ወደ ገበያም በቀላሉ እንዲሄድ አስችሎታል።

ከአጭርነቱ ጋር የሚሄደው ሁለተኛ መሣሪያ ሰምና ወርቅ ነው። በአማርኛ «ሞቱ» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ «የእርሱ ሞት»፣ አንድ ጊዜ «ብዙዎች ሞቱ»፣ አንድ ጊዜም ለተከበረ ሰው «አረፉ» ማለት ይሆናል። «አለ» የሚለው ላልቶ ሲነገር «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነገር «ይኖራል» ማለት ነው። ብልህ አልቃሽ እንዲህ ባለው ቃል ተጠቅማ የአንዱን ሰው ሞት እያለቀሰች የብዙዎችን እልቂት ልትናገር፣ የሟቹን ቃል የጠቀሰች መስላ ሕያው ነው ልትል ትችላለች። ተናጋሪዋ «ሰሙን ነው ያልሁት» ብላ ማምለጫ አላት፤ ሰሚው ግን ወርቁን ይዞ ይሄዳል።

ከዚህም ሌላ በቃል ግጥም ንጉሡም ጌታውም «አንተ» ተብሎ መጠራቱ የተለመደ ነው። በዕለት ኑሮ «እርስዎ» ካልተባለ በቀር ሊናገሩት የማይቻለው ሰው በግጥም ውስጥ እንደ እኩያ ይጠየቃል። ገዥዎች «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር የሚለው ነባር አባባል የሚያመለክተውም ይህንኑ ነው። የሕዝቡ ልብ በግልጽ አቤቱታ በማይታወቅበት ሥርዐት ውስጥ ግጥሙ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ነበር።

እንዲህ ያለው ጥበብ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በኦሮምኛ ጌራርሳ የጀግንነትና የብሶት ግጥም ሆኖ ይነገራል፤ በትግርኛም ማሰና መልቀስ የሚባሉት አንዱ በውዳሴ፣ ሁለተኛው በለቅሶ ተመሳሳይ ተግባር አላቸው። የንጽጽር ጥናት ለማድረግ የሚሻ መምህር በቂ መነሻ አያጣም።

ከነገሥታት መዝሙር እስከ ዐድዋ

በጽሑፍ ከደረሱን የአማርኛ ግጥሞች ጥንታዊዎቹ የጦርነት ግጥሞች ናቸው። እነዚህም ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለነገሡት ለዐፄ ዓምደ ጽዮን፣ ለዐፄ ይስሐቅ፣ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ለዐፄ ገላውዴዎስና ለሌሎችም የተደረሱ የነገሥታት መዝሙሮች ሲሆኑ፣ ኢጣሊያዊው ሊቅ ኢኛሲዮ ጉይዲ በ1889 እ.ኤ.አ. አሳትሟቸዋል። መዝሙሮቹ የንጉሡን ኃይል፣ የዘመተባቸውን አገሮችና የጠላቶቹን ድንጋጤ ይዘረዝራሉ። ከዚህ እንደምንረዳው በመጀመሪያ ከብራና ላይ ለመስፈር የበቃው የአሸናፊው ውዳሴ ነው። የተሸነፈውና የሐዘንተኛው ቃል የቆየው በሰው አፍ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጄኔራል ናፒየር ለሚመራው የእንግሊዝ ጦር እጃቸውን ላለመስጠት በመቅደላ ላይ ራሳቸውን ባጠፉ ጊዜ የተነሣው የሙሾ ግጥም ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጥለዋል፤ በዘመናቸው ብዙ ሰው አልቋል። ሆኖም ሕዝቡ አሟሟታቸውን ከአገዛዛቸው ለይቶ መዘነው። ስለ ጭካኔያቸው የተነገረው የወቀሳ ግጥምና ስለ መጨረሻ ሰዓታቸው የተነገረው የአድናቆት ግጥም ጎን ለጎን ተላልፈው እስከ ዛሬ ደርሰዋል። አንዱ ሌላውን አልሰረዘውም። በዚህ ረገድ ቃል ግጥም አንድን መሪ ወይ ፍጹም ጻድቅ ወይ ፍጹም ኃጥእ ከሚያደርግ የታሪክ አጻጻፍ ይልቅ ሚዛኑን የጠበቀ ሆኖ ይገኛል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድል በፉከራና በሽለላ ሲከበር ኖሯል። ነገር ግን ድሉ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን የወደቁበት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ከታወቁት የጦር አበጋዞች መካከል ፊታውራሪ ገበየሁ በዚያው ዕለት ወድቀዋል። ድል ነሥቶ የተመለሰው ሠራዊት በየአገሩ ሲደርስ የጠበቀው እልልታ ብቻ አልነበረም፤ ያልተመለሱት ቤት ለቅሶ ነበር። ዐድዋን የሚያስተምር ሰው እልልታውንና ለቅሶውን አንድ ላይ ካላቀረበ የድሉን ዋጋ ለተማሪው ሊያስረዳ አይችልም።

የአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወረራውን ጀመረ። በመጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት ተደርጎ፣ የመርዝ ጋዝና የአውሮፕላን ቦምብ የወረደበት የኢትዮጵያ ሠራዊት ተፈታ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ከሄዱ በኋላ ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ እስከ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ድረስ የነበረው ዘመን የአርበኝነት ዘመን ነው።

በዚህ ዘመን ፉከራ አንድ ዐቢይ ለውጥ አሳይቷል። ቀድሞ ፎካሪው ቃል ይገባ የነበረው ሥር በሚውልለት ጌታ ፊት፣ ግብር በሚበላበት አዳራሽ ነበር። አሁን ግን ብዙው ጌታ ተሰድዷል፣ ሞቷል፣ ወይም ገብሯል። ስለዚህ አርበኛው ቃሉን የሚሰጠው በጫካ ለተሰበሰቡት ጓዶቹና ስንቅ ለሚያቀብለው ገበሬ ሆነ። የምስክሩ መለወጥ የቃል ኪዳኑን ይዘት ለወጠው፤ ታማኝነቱ ከሰው ወደ አገር ዞረ።

የቃላት ትርጉምም እንዲሁ ጠርቷል። «ባንዳ» በኢጣሊያንኛ የታጠቀ ጓድ ማለት ሲሆን፣ ለጠላት ያደሩት ተዋጊዎች የሚጠሩበት የጦር ስያሜ ነበር። ሕዝቡ ቃሉን ተቀብሎ ከሃዲ ማለት አደረገው። ለዚህ ለውጥ የነቀፋ ግጥሞች የነበራቸው ድርሻ ቀላል አይደለም። ግጥሙ ለአርበኛው መወደሻ፣ ለባንዳው መንቀፊያ፣ በየመንደሩ ለተቀመጠው ሕዝብ ደግሞ ወሬ ማድረሻ ነበር። ጋዜጣውና ራዲዮው በጠላት እጅ በሆነበት አገር በሁለት ስንኝ የታሰረ ወሬ ወረቀት ሳይሻ ተራራ ይሻገራል።

ጠላትም ይህንን ተረድቶት ነበር። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን በተካሄደው ጭፍጨፋ የሞተው ሰው ቁጥር በኢትዮጵያ መንግሥት አቆጣጠር 30,000 ደርሷል። በተከታዩ በመጋቢት ወር ደግሞ ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ ትእዛዝ አስተላለፈ። አውሮፕላንና መርዝ ጋዝ የያዘ መንግሥት ማሲንቆ የያዘውን ሰው ከጠላቶቹ መካከል መቁጠሩ የቃል ግጥምን ፖለቲካዊ ኃይል ከማንኛውም ማስረጃ ይበልጥ ያስረዳል።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ሌላ ጉዳት መታወስ አለበት። በእነዚያ የጭፍጨፋ ቀኖች ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጥለዋል፤ ለብዙዎቹ ሟቾች የቀብር ሥርዐት አልተፈጸመም። ሬሳ ሳይነሣ፣ ድንኳን ሳይጣል የቀረ ሐዘን በቤተሰብ ውስጥ በእንጉርጉሮ ብቻ ተይዞ ቆየ። የካቲት 12 ከነጻነት በኋላ በየዓመቱ በአደባባይ መታሰቡ ከሌላው ትርጉሙ በተጨማሪ የዘገየ የለቅሶ ሥርዐት ነው።

ሙሾ እንደ ፍርድ ቃል

የሙሾ ፖለቲካዊ ባሕርይ በግልጽ የሚታየው ገዳዩ የውጭ ጠላት ባልሆነ ጊዜ ነው። ጠላት የገደለውን ማልቀስ ከመንግሥት ጋር አያጣላም፤ መንግሥት የገደለውን ማልቀስ ግን ራሱ ክርክር ነው።

ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በአምስቱ ዓመት ውስጥ በጎጃም ከፍተኛ ጦር አደራጅተው ጠላትን የተዋጉ አርበኛ ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋር በመጋጨታቸው ተከሰው በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። ከእርሳቸው ጋር የተሰቀሉት ልጅ ማሞ ኃይለ ሚካኤል በበኩላቸው ለጠላት ያደሩ ሰው ነበሩ። ጠላትን የተዋጋውና ለጠላት ያደረው በአንድ ቀን በአንድ ዓይነት ሞት መቀጣታቸው ለሕዝቡ የማይፈታ ጥያቄ ሆነ።

በዚያን ጊዜ ይህንን ጥያቄ በጋዜጣ መጻፍ አይቻልም ነበር። የፍርድ ቤቱ ውሳኔ የተሰጠው በመንግሥት ስም ሲሆን ይግባኝ የተጠየቀበት በሕዝብ ግጥም ነው። ስለ በላይ የተነገሩት ቃል ግጥሞች የአርበኛውን ጀግንነት ሲያወድሱ ፉከራ፣ አሟሟቱን ሲጠይቁ ሙሾ ናቸው። በአንድ አፍ፣ አንዳንዴም በአንድ ትንፋሽ ሁለቱ ወገኖች ተጋጥመው ይሰማሉ። ፉከራው ለአገሩ የገባው ቃል ምን እንደነበረ ይመሰክራል፤ ሙሾው ያ ቃል በምን እንደተመለሰለት ይጠይቃል። ግጥሞቹ በቃል እየተላለፉ ቆይተው የበላይን ስም ከነክርክሩ አቆይተውታል።

በእርግጥ ሙሾ የመጨረሻ ፍርድ ነው ማለት አይደለም። አልቃሽ ታዳላለች፤ የራስን ወገን ከፍ፣ የሌላውን ዝቅ ታደርጋለች። ሆኖም ምን እንደሆነ በትክክል ባያስረዳ እንኳ ሕዝቡ የሆነውን እንዴት እንደተቀበለው ያስረዳል። ይህ ደግሞ ከመዝገብ ቤት የማይገኝ ማስረጃ ነው።

ከቃል ወደ ጽሑፍ

ቃል ግጥሙ ያዳበረው ስልት ወደ ጽሑፍ ሥነ ግጥምና ተውኔት ተሻግሯል። በወረራው ዘመን በስደት የነበረው ዮፍታሔ ንጉሤ «አፋጀሽኝ» በተሰኘው ተውኔቱ የአገሩን መከራ በምሳሌ አቅርቧል። ፀጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በሚለው ሥራው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት የተገደሉትን የአቡነ ጴጥሮስን የመጨረሻ ሰዓት ሥሏል። ሰማዕቱ ሞቱን ሲጠብቅ የሚናገረው ንግግር ጸሎትም፣ ሙሾም፣ ፉከራም ነው፤ ሦስቱ ተለያይተው የማይታዩ መሆናቸው የሥራው ኃይል ነው።

በ1950ዎቹ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ ይደረግ የነበረው የግጥም ውድድር የእንቢታ ግጥምን ወደ ከተማ ወጣት አመጣው። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ ያቀረበው «ድሃው ይናገራል» ሙሾ ሲያደርግ የኖረውን በአዲስ መልክ ፈጸመ፤ የሚናገረው ባላባት ሳይሆን ድሃው ሆነ።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው ቀይ ሽብር ለብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በአደባባይ ማልቀስ ተከለከለ። ለቅሶን መከልከል ሙሾ የሚጠይቀውን ጥያቄ መከልከል ነው። ብዙ እናቶች ሐዘናቸውን በቤታቸው ውስጥ በእንጉርጉሮ ይዘው ለዓመታት ቆዩ። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያ ለቅሶ ዘግይቶ ያገኘው ድንኳን ነው ሊባል ይችላል።

ሐዘኑ በጦር መሣሪያ ብቻ የመጣ አይደለም። ፈቃደ አዘዘ በ1977 ዓ.ም. ስለደረሰው ረኃብ በሰሜን ሸዋ የሰበሰባቸውንና በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸውን ቃል ግጥሞች የሚያነብ ሰው ገበሬው ከፈጣሪውም ሆነ ከመንግሥት ጋር ሲከራከር ያገኘዋል። መሣሪያው ያው ሁለቱ ስንኝ ነው።

ስለ አሰባሰብና ስለ ማስተማር

ቃል ግጥምን ለትምህርት ማዋል የሚቻለው አሰባሰቡ ጥንቃቄ የተደረገበት ሲሆን ነው። በዚህ ረገድ የሚከተሉት ነጥቦች መምህራንን ይረዳሉ።

አንደኛ፣ ግጥሙ ብቻውን አይመዘገብም። ማን እንደተናገረው፣ ከማን እንደሰማው፣ በየትኛው ቀበሌና በምን ጊዜ፣ በሠርግ፣ በለቅሶ ወይም በሥራ ላይ መሆኑ አብሮ መጻፍ አለበት። የተናጋሪው ፈቃድም አስቀድሞ ሊጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ ስለማያሳይ፣ ሰብሳቢው በሁለት መንገድ የሚሰሙትን ቃላት ምልክት ማድረግ አለበት። አለዚያ ወርቁ ጠፍቶ ሰሙ ብቻ ይቀራል። ድምፁን በመቅረጫ ማስቀረት የተሻለ ነው።

ሦስተኛ፣ የአንድ ግጥም ልዩ ልዩ መልኮች ሁሉ ይመዝገቡ እንጂ «ትክክለኛው ይህ ነው» ተብሎ አንዱ አይመረጥ። በአንዱ መንደር የአንዱ፣ በሌላው መንደር የሌላው ጀግና ስም መግባቱ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው።

አራተኛ፣ ፉከራ ከተሰበሰበ ስለዚያው ጦርነት ወይም ስለዚያው ሰው የተነገረው ሙሾም ይፈለግ። በክፍል ውስጥ ሁለቱ ጎን ለጎን ቀርበው ተማሪዎች ቃል የተገባው ምን እንደሆነ፣ የተጠየቀው ምን እንደሆነ፣ ያልተመለሰውም የቱ እንደሆነ ይነጋገሩበት። ግጥሙ ከዜና መዋዕልና ከሌሎች ጽሑፎች ጋርም ይነጻጸር። ስለ ሟቾች ቁጥርና ስለ ቀን ግጥም አይጠየቅም፤ ስለ ሰዎች ስሜትና ፍርድ ግን ይጠየቃል።

አምስተኛ፣ የአንዱ ወገን ፉከራ የሌላው ወገን ቁስል ሊሆን እንደሚችል አይዘንጋ። በአንድ ክፍል የተቀመጡ ተማሪዎች አያቶች በአንድ ጦርነት በሁለት ግንባር ተሰልፈው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው ክፍል ሙሾን ከሙሾ ጋር ማነጻጸር ፉከራን ከፉከራ ጋር ከማነጻጸር ይልቅ ያቀራርባል፤ የእናት ጥያቄ በሁለቱም ወገን አንድ ነውና።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተገለጸው ፉከራና ሙሾ የአንድ ጥበብ ሁለት ክንፎች ናቸው። ፉከራ ያለ ሙሾ ሲቀርብ ጦርነት ዋጋ የማይከፈልበት ይመስላል፤ ሙሾ ያለ ፉከራ ሲቀርብ ደግሞ የወደቁት ሰዎች ስለምን እንደወደቁ ይዘነጋል።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በ1933 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የአምስቱን ዓመት ግጥም ከተናገሩት ሰዎች አፍ የሰማ ትውልድ በማለቅ ላይ ነው። በሌላ በኩል ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ኢትዮጵያ የተካሄደውና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የተገታው ጦርነት በየወገኑ አዲስ ፉከራና አዲስ ሙሾ አስከትሏል። ፉከራው በመገናኛ ብዙኃን አማካይነት ወዲያው ይሰራጫል፤ የሚሰበስበው ሰው አያጣም። ሙሾው ግን በየመንደሩ፣ በየጓዳው የሚነገር ነው። ተፈልጎ ካልተመዘገበ የሚመጣው ትውልድ የሚያገኘው የዘማቹን ቃል ብቻ ይሆናል፤ የእናቱን ጥያቄ አያገኝም።